ውሃው የት ይደፋል?

ልጄ ክርስትና የተነሳችው በ80 ቀኗ፣ በየካቲት ብርድ፣ ከለንደን ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ የራሳችን ሕንፃ የለንም። የአካባቢው የአንግሊካን አጥቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ያከራየናል። በሌሊት ገብተን መጋረጃ እንጋርዳለን፣ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ከቀትር በኋላ ሁሉንም ሰብስበን እንወጣለን።

ያን ቀን ዲያቆናቱ ትልቅ ሳፋ ይዘው መጡ። ውሃው ከአዳራሹ ማድ ቤት በካውሎ ተፍልቶ በቀዝቃዛ ተለዘበ። አባ ጸሎቱን አድርሰው ባረኩት። ልጄ አለቀሰች፣ ተጠመቀች፣ ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተብ ታሰረላት፣ ቆረበች፣ ክርስትና እናቷ እቅፍ ውስጥ ተኛች። እልልታው በረድ ሲል አንድ ጥያቄ ቀረ። ውሃው የት ይደፋል?

ቀላል ጥያቄ አይደለም። የተባረከ ውሃ የሚፈሰው እግር በማይረግጠው ቦታ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሰፊ ግቢ አለ፣ ንጹሕ ጥግ አይጠፋም። እዚህ ግን ግቢው ወይ መቃብር ነው ወይ የእግር መንገድ። የማድ ቤቱ ሲንክ ደግሞ የሚሄደው ወደ ፍሳሽ ነው። አባ ሳፋውን እያዩ ዝም ብለው ቆሙ።

ቁልፍ ይዘው የሚከፍቱልንና የሚዘጉልን አንዲት እንግሊዛዊት አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጠው እስክንጨርስ ይጠብቁናል። "ምን ቸገራችሁ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ በሩ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ሄዱ። ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫና የበራሪ ወረቀት ክምር ነበረበት። አንድ በአንድ አነሱት። ከዚያ የእንጨቱን ክዳን በሁለት እጃቸው ብድግ አደረጉና "እዚህ ውስጥ ድፉት" አሉ። "ከታች ቀዳዳ አለው። ቧንቧ የለውም፣ ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ነው የሚገባው። ድሮም የተሠራው ለዚሁ ነው።"

ለአባ ተረጎምኩላቸው። ጎንበስ ብለው ገንዳውን አዩት፣ ቀዳዳዋን በጣታቸው ነኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲያቆኑ ሳፋውን አዘነበለ። ውሃው በእርሳስ በተለበጠው ገንዳ ዙሪያውን ዞረ፣ ቀዳዳዋን አገኘና ጉርርር እያለ ወረደ። ከወለሉ ስር፣ አፈር ውስጥ ገባ።

እኔ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ድንጋይ ያለበት ቤተ ክርስቲያን አጋጥሞኝ ሳላይ አላልፍም። ሰባት ዓመት ሆነኝ። በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ ሰው መኪና ሲኖረው በሰው መኪና እየዞርኩ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነዚህ ድንጋዮች ነው።

እንግሊዞች "ፎንት" ይሉታል። እኔ የክርስትና ድንጋይ ማለት ይቀናኛል። በየገጠሩ አጥቢያ ገብተው ወደ ውስጥ ጥቂት ሲራመዱ፣ ብዙውን ጊዜ በሩ አጠገብ ያገኙታል። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። ጥምቀት መግቢያ ስለሆነ ድንጋዩም መግቢያው ላይ ይቆማል። እጅግ ብዙዎቹ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ግድግዳው ፈርሶ ተሠርቷል፣ መስኮቱ ሰፍቷል፣ ጣሪያው ተቀይሯል፣ ግንቡ ወድቆ ተነስቷል። ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። በብዙ አጥቢያዎች ከሕንፃው ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እሱ ነው።

የድሮዎቹ ለምን እንዲህ ትልልቅ እንደሆኑ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የዛሬ እንግሊዛዊ ቄስ በመዳፉ ጥቂት ውሃ ነው ሕፃኑ ግንባር ላይ የሚያፈሰው። ለዚያ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃ ነበር። ነገሩ ግን ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሕፃኑ ሙሉ ሰውነቱ ነበር ውሃ ውስጥ የሚገባው። በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ቄሱን እንዲህ ያዘዋል፦ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ አጥልቀው፣ መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ፣ ቀጥሎ በግራ ጎኑ፣ ከዚያ በፊቱ። ደካማ ከሆነ ግን ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ይህን ለእናቴ በስልክ ሳነብላት "ታዲያ ልክ እንደኛው ነው እኮ!" አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረው ደስታ እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጇ በሰው አገር ባዕድ ቦታ ትጸልያለች እያለች ስትብሰለሰል ከርማ ነበርና።

የእኛው፣ ማለቴ ያ ልጄ የተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ፣ በመጽሐፍ የሚወጣ ዓይነት አይደለም። አራት ማዕዘን ነው። መሀሉን አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ አራቱን ጥግ ቀጫጭን ምሰሶዎች ይዘውታል። ጎኖቹ ላይ ከተቀረጹ ተራ ቅስቶች በቀር ጌጥ የለውም። እንዲህ ያሉት በደቡብ እንግሊዝ ብዙ ናቸው። ድንጋዩ ከዶርሴት ጠረፍ፣ ፐርቤክ ከሚባለው አካባቢ የሚወጣ ነው። የፐርቤክ እብነ በረድ ይሉታል እንጂ እብነ በረድ አይደለም፤ ሲወለወል የሚያበራ የኖራ ድንጋይ ነው። ቀርበው ካዩት መላ አካሉ ቀንድ አውጣ ነው። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያለፋቸው፣ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተጨፍልቀው፣ ተጣብቀው፣ ድንጋይ ሆነዋል። ልጄ መቆም ስትጀምር ድንጋዩን ተደግፋ ነበር የምትቆመው። አራት ዓመት ሲሆናት ቅርፊቶቹን በጣቷ እየተከተለች ትቆጥራለች። እስከ ሃያ ደርሳ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። ውሃ የሚይዘው ድንጋይ ራሱ ከውሃ መወለዱ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እማማ አንድ ቀን ሌላ ነገር አሳዩኝ። የገንዳው ጠርዝ ላይ በሁለት ትይዩ ቦታ ድንጋዩ ተቦርቡሮ በሲሚንቶ ተሞልቷል። አንደኛው ላይ የዛገ ብረት ጫፍ ቀርቷል። "የቁልፍ ቦታ ነው" አሉኝ። ውሃ በቁልፍ? ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ውሃው በየጥምቀቱ አይቀየርም። በፋሲካ ዋዜማ ወይም በጰራቅሊጦስ ይባረክና ገንዳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ገንዳው በእርሳስ የሚለበጠውም ድንጋዩ ውሃ እንዳይመጥ ነው። የተባረከ ውሃ በበር አጠገብ ተቀምጦ ካደረ ደግሞ ሰው ለመተት ይወስደዋል የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳዎቹ ሁሉ ክዳን እንዲኖራቸውና እንዲቆለፉ አዘዘ። ብረቱ እርሳስ ፈስሶበት በድንጋዩ ውስጥ ተተከለ። ኋላ ላይ ቁልፉ ሲቀር ብረቱን ነቀሉት፣ ከብረቱ ጋር የጠርዙ ድንጋይም ተገነጠለ። አሁን የትም አጥቢያ ስገባ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠርዙ ነው። ጠባሳውን ብዙ ቦታ አግኝቼዋለሁ።

ከታወቁት መካከል በጣም የሚደነቀው የዊንቸስተር ካቴድራሉ ነው። ከዛሬዋ ቤልጅየም፣ ከቱርኔ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የቅዱስ ኒኮላስ ተአምራት ተቀርጸውበታል። ያማረ ነው። እኔን ግን አልያዘኝም። የጳጳስ ድንጋይ ነው፣ ገና ሲያዩት የገንዘብ ነገር አለው። እኔ የምወደው የገጠሮቹን ነው።

ለምሳሌ ሄርፎርድሺር ውስጥ ካስል ፍሮም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቀራጭ ድንጋዩ ላይ የጌታን ጥምቀት ቀርጿል። ክርስቶስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣ ሞገዱ በመስመር በመስመር ተሠርቷል፣ መሀሉ ላይ ዓሦች አሉ። ከላይ የእግዚአብሔር እጅና ርግቧ። ከታች ደግሞ ጎብጠው የተቀመጡ ሰዎች ያን ሁሉ ክብደት በጀርባቸው ተሸክመዋል። ለባለሙያ ዓይን ሚዛኑ ልክ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን የበዓለ ጥምቀትን ሥዕል እያየሁ ስላደግኩ አንድም የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ዮሐንስን አወቅኩት፣ ርግቧን አወቅኳት። ዓሦቹን ሳይ ፈገግ አልኩ። ማንም ያዘዘው አይመስለኝም፣ ሰውየው ዮርዳኖስ ውስጥ ዓሣ እንዳለ ያውቅ ነበር።

በሰሜን፣ ከምብሪያ ውስጥ ያለው የብራይድከርክ ድንጋይ ደግሞ ይናገራል። ሩን በሚባለው ጥንታዊ ፊደል፣ በዘመኑ የሕዝብ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ቃል አለው። ሐሳቡ "ሪቻርድ ሠራኝ፣ ወደዚህም ውበት በትጋት አመጣኝ" የሚል ነው። ላቲን አይደለም፣ ሰው ቤቱ የሚያወራው ቋንቋ ነው። አጠገቡ መሮና መዶሻ የያዘ ሰው ሥራው ላይ ተጎንብሶ ይታያል። በዚያ ዘመን ንጉሥና ጳጳስ ካልሆነ በቀር ስሙ የቀረ ሰው ስንት ነው? የዚህ ግን ስሙም እጁም አለ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ የኖርፎክ ጠረፍ ላይ ያለው የበርንሃም ዲፕዴል ነው። ባለፈው ነሐሴ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እስከ ኪንግስ ሊን በባቡር፣ ከዚያ ባሕሩን ይዞ በሚሄደው አውቶቡስ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ግንብ አለው። ውስጡ ትንሽ ነው። ድንጋዩም የ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ አራት ማዕዘን ነው። በሦስቱ ጎን በእያንዳንዱ አራት አራት ሰው፣ ጠቅላላ የዓመቱ 12 ወራት ሥራ ተቀርጿል። አራተኛው ጎን ቅጠል ነው።

ጃንዋሪ በቀንድ ዋንጫ ይጠጣል። ፌብሩዋሪ ተቀምጦ እግሩን እሳት ያሞቃል። ማርች ይቆፍራል። ኤፕሪል ቅርንጫፍ ይገርዛል። ሜይ ባንዲራ ይዞ ማሳው እንዲባረክ በምህላ ይዞራል። ጁን ያርማል። ጁላይ ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ ሣር ያጭዳል። ኦገስት ነዶ ያስራል። ሴፕቴምበር በበትር ይወቃል። ቀጥሎ ያለውን አንዳንዱ እህል ይፈጫል ይለዋል፣ አንዳንዱ በርሜል ይሞላል ይለዋል። ኖቬምበር አሳማ ያርዳል። ዲሴምበር ላይ ማዕድ ከበው ይበላሉ።

አባቴ ገበሬ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋዩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለልጄ አስረዳኋት። ማረም ምን እንደሆነ፣ ነዶ እንዴት እንደሚታሰር፣ እኛ ጋ የሚወቃው በበሬ እንደሆነ። አያቷን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። "ይሄኛው አያቴ ነው?" እያለች በየወሩ ትጠይቀኛለች። ኦገስት ላይ ስንደርስ "አዎ" አልኳት።

እዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ድንጋይ ያሠራው ሰው ሐዋርያትን ማስቀረጽ ይችል ነበር። ያስቀረጸው ግን አራሚውንና ወቂውን ነው። የገበሬው ልጅ ወደ ውሃው ሲገባ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው ሥራ ሁሉ ዙሪያውን ከቦት ነበር። ድካሙም፣ እሳት መሞቁም፣ የዓመቱ መጨረሻ ድግሱም። ያ ልጅ ማን እንደነበረ አይታወቅም። የአጥቢያ መዝገብ የተጀመረው የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባወጣው ትእዛዝ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ ድሃ ወረቀት የለውም። እሱን ያቀፈው ድንጋይ ግን እዚያው አለ፣ ሄደው በእጅዎ ሊነኩት ይችላሉ።

ከኖርፎክና ከሳፎክ ሳልወጣ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ሌላ ዓይነት አሉ። ስምንት ማዕዘን ናቸው። በሰባቱ ጎን ሰባቱ ምስጢራት ተቀርጸዋል፦ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ተክሊል፣ ክህነት፣ ቀንዲል። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት በዜማ ያጠናኋቸው ናቸው። 40 ገደማ ቀርተዋል። ስሎሊ ያለው ደህና አድርጎ ተርፏል። ብዙዎቹ ላይ ግን የሰዎቹ ፊት የለም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሲመጣ ምስል ጣዖት ነው ተብሎ ፊት ፊታቸው በመሮ ተፈልጧል። አንዲት እናት ልጇን ለቄሱ ስታቀብል እጇ አለ፣ የልጁ መጠቅለያ እጥፋት እንኳ አለ፣ ፊቷ የለም። እንዲህ ያለውን ሳይ ለረጅም ጊዜ መናገር ያቅተኛል።

የባሰው የመጣው ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ነው። በ1644 ዊልያም ዳውሲንግ የሚባል ሰው ከፓርላማው ወገን ታዝዞ በሳፎክ አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ምስል ያፈርስ ነበር፤ ያፈረሰውንም በማስታወሻው እየመዘገበ። ዩፈርድ ላይ ግን የገጠመው ሌላ ነው። እዚያ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ እንደ ግንብ እየሾለ የሚወጣ የእንጨት ክዳን አለ። ጫፉ ላይ ደረቷን የምትቦጭቅ ፔሊካን የተባለች ወፍ አለች። የአጥቢያው ሰዎች ቁልፍ ከልክለው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አቆሙት። ኋላ ገባ። ክዳኑን አይቶ "ዕጹብ" ብሎ ጻፈ። ክዳኑ ዛሬም አለ። ቁልፍ የያዙት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮስ እላለሁ፣ የእኛንም እማማ እያሰብኩ።

በ1645 ፓርላማው አዲስ የአምልኮ ሥርዓት አወጣ። ጥምቀቱ የድሮዎቹ ገንዳዎች ባሉበት በር አጠገብ መሆኑ ቀርቶ ምእመኑ ሁሉ በሚያይበትና በሚሰማበት ቦታ ይሁን አለ። ብዙ ድንጋዮች ወደ ውጭ ተጣሉ። በጦርነቱ የተወገደው የንጉሥ አገዛዝ በ1660 ሲመለስ አንዳንዱ ተመልሶ ገባ፣ በምትኩ አዲስ የተቀረጸም አለ። ሌላው እንደተጣለ ቀረ፤ ከብት ውሃ ጠጣበት፣ አበባ ተተከለበት። ሼክስፒር ሚያዝያ ወር 1564 የተጠመቀበት ነው የሚባለው የስትራትፎርዱ ድንጋይ እንኳ ተጥሎ ነበር። ዛሬ ተሰባብሮ የቀረው ገንዳ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይታያል።

ግሎስተርሺር ያለው የዲርኸርስት ድንጋይ ታሪክ ግን ደስ ይላል። ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የነበረ፣ የጥንቶቹ እንግሊዞች የአንግሎ ሳክሶኖች ሥራ ነው። ገላው ላይ የተጠቀለለ ጥምዝምዝ ሐረግ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገንዳው አንድ የእርሻ ግቢ ውስጥ ለእጥበት ሲያገለግል ተገኘ። ዓመታት አልፈው ደግሞ የቆመበት እግር ሌላ ቦታ ተገኘ። ሁለቱ ላይ ያለው ጥምዝምዝ አንድ ነበር። ዛሬ እንደገና አንዱ በአንዱ ላይ ቆመዋል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ አጥቢያ ስገባ ክዳኑ ላይ የማገኘው የአበባ ማስቀመጫ፣ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ፣ የጠዋት ቡና ግብዣ ማስታወቂያ ነው። እኛ እንከራያለን፣ ሰው ቤት ገብቶ አስተያየት መስጠት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያመኛል። እነዚህ ድንጋዮች መስታወት ውስጥ የሚቀመጡ ቅርስ አይደሉም፤ ውሃ እንዲገባባቸው የተሠሩ ናቸው። የቀሩትም እኮ በየዘመኑ የሚያስጠምቅ ሰው ስላልጠፋ ነው። ዛሬ በአንዳንድ አጥቢያ ዓመቱን ሙሉ ክዳኑ የሚነሳበት ምክንያት አይገኝም። አንድ ቦታ ገንዳው ውስጥ የሞቱ ዝንቦች አገኘሁ። በመሀረቤ ጠርጌ ወጣሁ።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለድኩ። በ40 ቀኑ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሳ። ያው ሳፋ፣ ያው ካውሎ። እማማ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው በምርኩዝ ነው የመጡት፣ ቁልፉን ግን ለማንም አልሰጡም። ጸሎቱ ሲያልቅ ዲያቆኑ ማንንም ሳይጠይቅ ሳፋውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ልጄ ቀድማው ደርሳለች። የአበባ ማስቀመጫውን አንስታ በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። እማማ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው ክዳኑን አነሱት።

ውሃው ዞረ፣ ቀዳዳዋን አገኘ። ልጄ ማስቀመጫውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ፣ ወርዶ እስኪያልቅ አዳመጠችው።